ደሴ ላይ ለጋዝ ቧንቧ ግድግዳ እንብሳ ወይ?

ጥያቄ፦ «ሰላም ለእርስዎ። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ቤት እየሠራን ነው። ግድግዳው አልቆ ልስን ሊገባ ነው። ባለቤቴ ‹የኦጋዴን ጋዝ ወጥቷል፤ ነገ ከነገ ወዲያ እንደ ውሃ ቤት ለቤት ይመጣል፤ ሳይለሰን መስመሩን እናስገባ› ይላል። ቧንቧ ሠሪው የጠየቀን ገንዘብ ቀላል አይደለም። ለመሆኑ ጋዙ ደሴ ይደርሳል? መቼ? ደግሞ ወረኢሉ ላይ ነዳጅ ይታያል ሲባል እሰማለሁ። የራሳችን አይበቃንም ወይ?»

እህቴ፣ እንኳን ለልስን አበቃችሁ። ደሴ ላይ ቤት መሥራት ወገብ እንደሚያጎብጥ አውቃለሁና ከገንዘቡ ልጀምር። ለቧንቧ ሠሪው አትክፈሉ። ያ መስመር ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ፣ ልጆቻችሁ ቤቱን አፍርሰው እስኪያድሱት ድረስ ጋዝ ሳያልፍበት ሊቀር ይችላል። ባለቤትሽ ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ጋዙ ወጥቷል፣ ወሎም ይደርሳል። የሚገባው ግን እሱ በሚጠብቀው በር አይደለም።

መጀመሪያ «ጋዝ» የሚለው ቃል ራሱ ያምታታናል። እናቶቻችን ጋዝ ሲሉ ላምባ ማለታቸው ነው፤ በጠርሙስ ተገዝቶ ኩራዝ ውስጥ የሚገባው። ቡታጋዝ ስንል ሲሊንደሩን ነው። እሱ ፕሮፔንና ቡቴን ነው፤ ትንሽ ግፊት ሲያርፍበት ፈሳሽ ይሆንና ሲሊንደር ውስጥ በሰላም ይቀመጣል። ሦስተኛው የተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ አብዛኛው ሚቴን። ሚቴን እልኸኛ ነው። በተራ ሙቀት የቱንም ያህል ብትጫኚው ፈሳሽ አይሆንም። ያለ ግፊት ፈሳሽ ሆኖ እንዲቀመጥ ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ድረስ ማቀዝቀዝ የግድ ነው። ያኔ መጠኑ 600 ጊዜ ያህል ያንሳል። ኤል ኤን ጂ የሚባለው ይኸው ነው። ስለዚህ «የኦጋዴን ጋዝ ወጣ» ሲባል የአንቺ ሲሊንደር ነገ ይረክሳል ማለት አይደለም። ከጋዙ ጋር አብሮ ከሚወጣው ፈሳሽ የሲሊንደር ጋዝ መለየት ይቻላል፤ ግን እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ሥራ ነው።

ጋዙ የሚወጣበት የኦጋዴኑ ካሉብ ላይ ጋዝ መኖሩ የታወቀው ዛሬ አይደለም። ቴኔኮ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ወሎን ያ ክፉ ድርቅ በመታት ዘመን አካባቢ። ከዚያ የሶማሊያ ጦርነት መጣ። በደርግ ጊዜ ሶቪየቶች ተጨማሪ ጉድጓዶች ቆፈሩ። የማሌዥያው ፔትሮናስ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ2010 ወጣ። የቻይናው ፖሊ ጂ ሲ ኤል እ.ኤ.አ. በ2013 ፈርሞ፣ እስከ ጅቡቲ 767 ኪሎ ሜትር ቧንቧ ዘርግቶ ጋዙን ወደ ውጭ ሊሸጥ ነበር። ቧንቧው ሳይቀበር ውሉ እ.ኤ.አ. በ2022 ተቋረጠ። የካሉብ የመጀመሪያ ምዕራፍ የተመረቀው ገና መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ይኸው ሃምሳ ዓመት። ጋዝ እንደ ወርቅ አይደለም፤ ወርቅ በኪስ ይወጣል። ጋዝ ግን መውጫ መንገድ ካልተሠራለት ከመሬት በታች ያለ ወሬ ነው።

አሁን ቁጥሩን እንየው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ። የመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ኤል ኤን ጂ ያመርታል ተብሏል። ጆሮ ይሞላል። ለ365 ቀን ስታካፍይው በቀን ወደ 300 ሺህ ሊትር ይመጣል። አንድ ትልቅ ቦቴ 45 ሺህ ሊትር ገደማ ይጭናል እንበል። በቀን ሰባት ቦቴ ነው ማለት ነው። አለቀ። ሁሉንም ወደ ኤሌክትሪክ ብትቀይሪው ያለማቋረጥ የሚሰጠው 30 ሜጋ ዋት ያህል ነው። የሕዳሴው ግድብ የተተከለ አቅም 5,150 ሜጋ ዋት መሆኑን አስቢ። ሁለተኛው ምዕራፍ በዓመት 1.33 ቢሊዮን ሊትር ነው የታቀደው፤ ያኔ ነገሩ መልክ ይይዛል።

«ታዲያ ሰባት ቦቴም ቢሆን ለደሴ ኩሽና አይበቃም ወይ?» ትይኛለሽ። ይበቃል! ተርፎም ለሌላ ከተማ ይደርሳል። በጋዝ ብቻ ወጥ የሚሠራ፣ ሻይ የሚያፈላ ቤተሰብ በወር አሥር ኪሎ የሲሊንደር ጋዝ ይፈጃል ብንል፣ በቧንቧ ጋዝ ሲመነዘር በቀን ግማሽ ሜትር ኩብ እንኳ አይሞላም። 0.4 ገደማ ነው። በዚህ ሒሳብ ያ ሰባት ቦቴ ከ400 ሺህ በላይ ኩሽናዎችን ያበስላል። ችግሩ የጋዙ መጠን አይደለም። ችግሩ ኩሽናሽ በጣም ትንሽ ገዢ መሆኑ ነው።

አንድ ፋብሪካ ያለውን ቦይለር ውሰጂ። በሰዓት 10 ቶን እንፋሎት የሚያወጣ መካከለኛ ቦይለር በሰዓት ከ700 ሜትር ኩብ በላይ ጋዝ ይበላል። ቀንና ሌሊት ሙሉ ከሠራ አንዱ ቦይለር ከ40 ሺህ ኩሽና በላይ ነው። ለሱ አንድ መስመር፣ አንድ ቆጣሪ፣ በወር አንድ ደረሰኝ ይበቃል። ለ40 ሺህ ኩሽና ግን 40 ሺህ ቆጣሪ፣ 40 ሺህ ሬጉሌተር፣ አስፋልት እየቀደዱ መንደር ለመንደር መቅበር፣ ሽታ ሸተተን እያለ ሌሊት የሚደውል ሰው። ባለ ገንዘብ ሆነሽ አስቢው፤ ቧንቧውን ወደ ማን ትስቢዋለሽ?

የጋዝ መረብ በዓለም ላይ የሚያድገው በዚሁ ሥርዓት ነው። ከጉድጓዱ የወጣው ጋዝ መጀመሪያ ማጣሪያ ይገባል፤ ውሃው፣ ፈሳሹና ቆሻሻው ይለያል። ከዚያ በወፍራም የብረት ቧንቧ ከ70 እስከ 100 ባር ግፊት ይነዳል። የመኪና ጎማ ሁለት ባር ተኩል ገደማ መሆኑን ካወቅሽ ጉልበቱ ይገባሻል። መንገድ ላይ ግፊቱ ስለሚደክም በየመቶ ኪሎ ሜትሩ ገደማ ኮምፕሬሰር፣ ማለት እንደገና የሚገፋው ማሽን፣ ይተከልለታል። ከተማ መግቢያ ላይ ግፊቱ ይቀነስና ሽታ ይጨመርበታል፤ ጋዙ በተፈጥሮው ሽታ የለውም፣ ያ የበሰበሰ ሽንኩርት የሚመስለው ሽታ ሆን ተብሎ የሚገባ ነው። ከዚያ በኋላ በፕላስቲክ ቧንቧ ሠፈር ውስጥ ይከፋፈላል፤ ምድጃሽ ጋ ሲደርስ የአንድ ባር ሃምሳኛ ብቻ ይቀረዋል። ወፍራሙን ቧንቧ የሚያስቀብረው ትልቁ ገዢ ነው፤ ኃይል ማመንጫ፣ ሲሚንቶ፣ ማዳበሪያ። አቦሉ ለነሱ ይቀዳል። ቶናው ለመካከለኛ ፋብሪካ። ቤት የሚደርሰው በረካው ነው፤ እሱም ከተረፈ።

ታንዛኒያን እዪ። ሶንጎ ሶንጎ ደሴት ላይ ጋዝ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፤ ከካሉብ ጋር እኩያ ናቸው ማለት ይቻላል። ዳሬ ሰላም የደረሰው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ የተገናኘውም ከኡቡንጎ ኃይል ማመንጫ ጋር። ቀጥሎ ፋብሪካዎች ገቡ። ቤቶች እስከ ዛሬ ከከተማዋ ሕዝብ አንፃር እፍኝ አይሞሉም። ሞዛምቢክ ደግሞ ፓንዴ ላይ እ.ኤ.አ. በ1961 ያገኘችውን ጋዝ የሸጠችው በዚያው በ2004 ነው፤ 865 ኪሎ ሜትር ቧንቧ ደቡብ አፍሪካ ሴኩንዳ ድረስ ተዘርግቶ። ያንን ቧንቧ ያስዘረጋው አንድ ገዢ ነው፤ የደቡብ አፍሪካው ኩባንያ ሳሶል። የሞዛምቢክ ገበሬ ቧንቧው በማሳው ሥር እያለፈ በእንጨት ነው የሚያበስለው።

ግብፅስ? ግብፅ ከ10 ሚሊዮን በላይ ቤቶችን አገናኝታለች። ሁልጊዜ የሚጠቀስልኝ ምሳሌ እሱ ነው፣ እውነትም ነው። ግን ጋዙ የተገኘው ዴልታው ላይ ነው፤ ሜዳ፣ ሕዝቡ እንደ ጉንዳን የተጠጋጋበት። መንግሥትም ለሲሊንደር የሚያወጣው ድጎማ አቃጥሎት ስለነበር በቧንቧ መተካቱ አዋጣው። እንደዚያም ሆኖ ሥራው እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ አርባ ዓመት ፈጅቷል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1967 እና በ1977 መካከል ከ13 ሚሊዮን በላይ ደንበኞችን ወደ ባሕር ጋዝ ሲያዞሩ ቧንቧው ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ ለድንጋይ ከሰል ጋዝ ተቀብሮ ጠብቋቸዋል። በዚያ ላይ ብርድ አላቸው። አንድ የእንግሊዝ ቤት ክረምቱን ለማሞቅ ጭምር በዓመት 1,000 ሜትር ኩብ አካባቢ ያነዳል። የአንቺ ቤት 150 አይሞላም። ደሴም ብርድ ናት፣ አውቃለሁ፤ ግን እኛ ብርድን የምንመክተው በጋቢ ነው። ጋቢ ደግሞ የቧንቧ ዕዳ አይከፍልም።

ስለዚህ ከካሉብ ደሴ ድረስ በቀጥታ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ፣ እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚበላ ወፍራም ቧንቧ ማን ይቀብራል? ለኩሽና ብሎ የሚቀብር የለም።

አሁን ወደ ደስ የሚለው ልምጣ። ጋዙ ወሎ የሚደርሰው መጀመሪያ በኩንታል ይመስለኛል። አልቀለድኩም። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. መንግሥት ከናይጄሪያው ኩባንያ ዳንጎቴ ጋር ጎዴ ላይ የ2.5 ቢሊዮን ዶላር የማዳበሪያ ፋብሪካ ለመሥራት ተፈራርሟል፤ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ። ዩሪያ የሚሠራው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። ከጋዙ ሃይድሮጅን ይወጣል፣ ከአየር ናይትሮጅን ይወሰዳል፣ ሁለቱ አሞኒያ ይሆናሉ፣ አሞኒያው ዩሪያ ይሆናል። አንዲት ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ወደ 30 ሜትር ኩብ ጋዝ ትበላለች። ያ የአንቺ ኩሽና ለሁለት ወር ከምናምን የሚያነደው ነው። ፋብሪካው በሙሉ አቅሙ ሲሠራ በዓመት ወደ 2 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይፈልጋል፤ የዛሬው ምርት በጋዝ መልኩ 67 ሚሊዮን አካባቢ ነው። ልዩነቱን እዪው። የአገሪቱ የመጀመሪያ ቁም ነገር ያለው የጋዝ ቧንቧ ከካሉብ ወደ ጎዴ የታሰበውም ለዚህ ነው፤ ገዢው እዚያ ስላለ። ጃማ ወይ ተሁለደሬ ያለ ገበሬ ከረጢቱን በአህያ ጭኖ ሲሄድ የኦጋዴንን ጋዝ ነው የጫነው። የኔ ምኞት የዩሪያው ዋጋ በሰዓቱና በልኩ መሆኑ ነው እንጂ ቧንቧው ደሴ ባይመጣ ቅር አይለኝም።

ሁለተኛው በር ኮምቦልቻ ነው። ፋብሪካዎቹ እዚያ ናቸው፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ብረቱ። ቦይለርና እቶን አላቸው፤ ፈርነስ ኦይል ወይም ሌላ ነዳጅ ያነዳሉ። ለነሱ ቧንቧ ሳይጠበቅ ኤል ኤን ጂ በቦቴ ሊመጣ ይችላል። በጅጅጋ፣ በድሬዳዋ፣ በአዋሽ አድርጎ፣ በሚሌ ታጥፎ በባቲ ሽቅብ። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ጉዞ ነው። ቦቴው ግድግዳው ድርብ፣ መሐሉ አየር የተመጠጠለት ነው። ፔርሙዝ አስቢ፤ ሻይ እንዳይቀዘቅዝ የሚጠብቅሽ ፔርሙዝ ይኸኛው እንዳይሞቅ ይጠብቃል። ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ተመሳሳይ ታንከር ይቆማል። አጠገቡ ክንፍ ክንፍ ያላቸው የአሉሚኒየም ቱቦዎች ይደረደራሉ፤ ፈሳሹ በነሱ ውስጥ ሲያልፍ የኮምቦልቻ አየር ብቻውን አሙቆ ወደ ጋዝ ይመልሰዋል። ቱቦዎቹ በቀትር ፀሐይ አመዳይ ለብሰው ሲታዩ ያስቃል። እንዲህ ያለ ታንከር ሁለት ሦስት ፋብሪካ ላይ ከተተከለ፣ ከዚያ ከአንዱ ታንከር አጠገብ ላለው ሆቴልና ዳቦ ቤት አጭር የፕላስቲክ መስመር ይሳባል። የከተማ የጋዝ መረብ ያለ ዋና ቧንቧ የሚወለደው እንዲህ ነው። ስለዚህ ባለቤትሽ ወሬ መስማት ከፈለገ ስለ ኦጋዴን ሳይሆን ኮምቦልቻ ላይ ስለሚተከል ነጭ ታንከር ይጠይቅ።

ኮምቦልቻ ቢደርስ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ግን በሐረጎ ዳገት በኩል ነው። ሽቅብ መሆኑ ለጋዝ ምንም አይደለም፤ ግፊቱ ይገፋዋል። የሚያስፈራኝ መሬቱ ነው። የደሴ ዙሪያ ተዳፋት በክረምት እንደሚንሸራተት የከተማው ሰው ከኔ በላይ ያውቃል። የብረት ቧንቧ ናዳ ውስጥ ሲወድቅ ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም። ሠፈራችሁ ቧንቧ ውሃ የተባለው ውሃ በቧንቧ መምጣቱ ራሱ ስም የሚያሰጥ ጉድ በነበረበት ዘመን ይመስለኛል። ውሃ ሲፈስ መንገድ ያበላሻል። ጋዝ ሲፈስ ግን…

ስለ ወረኢሉ በአጭሩ። አዎ፣ በዚያ አካባቢ ወንዝ ዳር ዘይት ከድንጋይ ሲንጠባጠብ የጂኦሎጂ ባለሙያዎች መዝግበዋል። የአባይ ተፋሰስ አለት ከሥሩ ነዳጅ ሊያፈልቅ የሚችል ነገር እንዳለው ያሳያል። ግን መንጠባጠብ ክምችት ማለት አይደለም። እንዲያውም ነዳጁን ከላይ አፍኖ የሚይዘው አለት ተቀዶ ይፈስ ነበር ማለትም ሊሆን ይችላል። ከላይ ያለው ወፍራም ጥቁር ድንጋይ ደግሞ ከሥር ያለውን በመሣሪያ ለማየት አስቸጋሪ ያደርገዋል። ተስፋ አይከለከልም፤ ግድግዳ ግን አይበሳበትም።

እና ቤታችሁን ምን አድርጉት? ያ ለቧንቧ ሠሪው ልትከፍሉት የነበረው ገንዘብ ወደ ኤሌክትሪክ ይሂድ። ለምጣድና ለምድጃ ራሱን የቻለ ወፍራም ገመድ፣ የራሱ ብሬከር ያለው። የወሎ ኩሽና መጪው ዘመን ሽቦ ነው ብዬ አምናለሁ። መብራት ሲጠፋ ሲሊንደሩ መጠባበቂያ ይሆናል። ሲሊንደሩ ከቤት ውጭ፣ ጥላ ያለው ቦታ ይቁም፤ ቱቦው በሚያልፍበት ቦታ ብቻ አንድ ቁራጭ ፒቪሲ ግድግዳው ውስጥ አስቀሩ። ለእሱ መቶ ምናምን ብር ነው፣ ባለቤትሽም ደስ ይለዋል። ኩሽናው ላይ ሁለት የአየር ቀዳዳ ይኑር፤ አንዱ ከወለሉ ጥግ፣ አንዱ ከሶሌታው ሥር። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ ሲያፈስ እንደ ውሃ ወለል ላይ ይተኛል። የተፈጥሮ ጋዝ ወደ ላይ ይወጣል። አንድ ቀን እሱም ቢመጣ የላይኛው ቀዳዳ ይጠብቀዋል።

አንድ ጊዜ አንድ ሆቴል ኩሽና ፍተሻ ገብቼ ቱቦው በከመነዳሪ ጎማ ታስሮ አገኘሁት። ሲሊንደሩ ምድር ቤት፣ መስኮት የለም። «ስንት ዓመት ሆነው?» ስል «አብሽር፣ ችግር የለውም» አሉኝ። ኦሞ በውሃ መትቼ ስቀባው አረፋው እንደ ጠላ ገነፈለ። እናንተም በየወሩ በአረፋ ፈትሹት። ሽታ ከመጣ መብራት አታብሩ፣ አታጥፉም፤ ሲሊንደሩን ዘግታችሁ በር ክፈቱ።

የመጨረሻው ስለ ምድጃው። እህቴ ከዓረብ አገር ስትመለስ የሚያምር ባለ አራት ዓይን ምድጃ ይዛ መጣች። ከሲሊንደር ጋር ሲገናኝ ነበልባሉ ቢጫ፣ ክንድ የሚያህል ሆነ። የእናቴ ድስት በአንድ ቀን ጥቀርሻ ለበሰ። ሁሉም ሲሊንደሩን ረገመ። ጥፋቱ ግን የሲሊንደሩ አልነበረም፤ ምድጃው ለቧንቧ ጋዝ የተሠራ ነበር። ሚቴን ለተመሳሳይ ሙቀት በብዛት ማለፍ ስላለበት የማቃጠያው አፍንጫ ቀዳዳ ሰፊ ነው። በዚያ ቀዳዳ የሲሊንደር ጋዝ ሲገባ ከመጠን በላይ ይሆናል። ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ለትክክለኛው ምድጃም ቢሆን የአየር መቆጣጠሪያዋን ትንሽ ከፈት ማድረግ ያስፈልጋል። እኛ አራቱንም አፍንጫ በትንንሾቹ ቀየርናቸው፣ ነበልባሉ ሰማያዊ ሆነ። ባለቤትሽ «ለወደፊቱ ይሆናል» ብሎ የቧንቧ ጋዝ ምድጃ ከገዛ እንዳይገርምሽ። ከመክፈልሽ በፊት ጀርባው ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ሳህን አንብቢ፤ 20 ሚሊባር ከሆነ የቧንቧ ነው፣ ተዪው። 28 ወይም 30 ከሆነ የሲሊንደር ነው፣ ውሰጂው።